ሃያ ስድስተኛዋ

ሚያዝያ ነው ይላል የቀን መቁጠሪያው፣
ውጭ ግን በረዶ ሞልቶታል መግቢያው።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት መኪናው መጣ፣
ጣለልኝ ጆንያ፣ ጥቅልና ጋዜጣ፣
ደግሞም አንድ ካርቶን፣ ጎኑ የተበሳሳ፣
ሲያስቀምጡት ዝም የሚል፣ የሚንጫጫ ሲነሳ።
«ሕይወት ያለው ነገር» ይላል በቀይ ቀለም፤
እንዲህ ያለ ቃል ሌላ ጥቅል ላይ የለም።

ፖስታ ቤታችን፣ ሰሜን ሚኒሶታ፣
አንድ ሚዛን፣ አንድ መስኮት፣ ጠባብ የጓዳ ቦታ፣
አንድ እኔ፣ ቨርና፤ ሃያ ሁለት ዓመት
ማኅተም ስመታ፣ አድራሻ ሲለወጥ፣ ሰው ሲሞት።

ዶሮ ሳይጮህ ደወልሁ። ኦርቫል ነው ባለቤቱ፣
ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ ከሐይቁ ማዶ ቤቱ።
«ጫጩቶችህ መጡ።» «እሰማቸዋለሁ» አለ፤
«መንገዱ ግን ተዘግቷል፣ ጠራጊው የታለ?»

አንድ ጊዜ ነግሮኝ ነበር፦ ከቅርፊቷ ሳትወጣ
የተረፈ አስኳሏን ሆዷ ውስጥ ትስባለች፣
ሦስት ቀን በዚያ ስንቅ ሳትበላ ትኖራለች።
«ስንቁን በሆዱ ሸክፎ የሚመጣ እንግዳ»
ብሎ ሳቀ፣ «ለማንም አይሆንበት ዕዳ።»

ቀን አንድ አለፈ። ንፋሱ በር ይመታል።
ቀን ሁለት። ይደውላል፣ «እንዴት ናቸው?» ይላል።
«ይጮኻሉ።» «ይጩሁ፤ ጩኸት መልካም ነው፣
መፍራት ያለብሽስ ዝም ሲሉ ነው።»

በሁለተኛው ሌሊት ዝም አሉ።

ደንቡ ግልጽ ነው፦ የሰው ጥቅል አይከፈት።
ከፈትሁት። በመቀስ፣ ያውም በመንግሥት ንብረት።
ከካርቶኑ ጥግ በአንድነት ተጠግተው
ቢጫ ክምር ሆነዋል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተኝተው።
የጠረጴዛዬን መብራት ወደ ወለል አጎንብሼ፣
በጠርሙስ ክዳን ላይ ለብ ያለ ውኃ አፍስሼ፣
ምንቃራቸውን ነከርሁ፣ አንድ በአንድ እያነሳሁ፤
ልብ በመዳፍ ሲመታ ያኔ ገና አወቅሁ።
ቀና ትላለች ጠጥታ፣ ጣሪያውን ታያለች፤
ሰው ምስጋና ይለዋል፣ እሷ ግን ትውጣለች።

ቆጠርሁ። ሃያ አምስት። ድጋሚ ስቆጥር
ሃያ ስድስት ሆኑ፤ አንዷ ከሥር ነበር፣
ጠፍጣፋ፣ ክብደቷ ከአንድ ደብዳቤ በታች፣
ሚዛኑ ላይ ባኖራት መርፌውን ያልነካች።

ለኦርቫል ደወልሁ። እሱም አልተኛም።
«አንዷ ሞታለች» አልሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም።
«ስንት ቀሩ?» «ሃያ አምስት።» «እንግዲያስ ልክ ነው፤
እኔም የከፈልሁት ለሃያ አምስት ነው።
ሁሌ አንድ ይጨምራሉ፣ አያስከፍሉም፤
መንገድ የራሱን ድርሻ ሳይወስድ አይቀርም።»

ልክ ነው ሒሳቡ። ሒሳቡስ ልክ ነው።
እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦
ከሃያ ስድስቱ ትርፏ የቷ ነበረች?
ማን ለመንገድ ብሎ ለይቶ ጨመራት?
ወይስ ሁሉም እኩል ነበሩ፣ አንዷ እስክትሞት፣
ከሞቷ በኋላ ነው «ትርፍ» ብለን የጻፍናት?

በሦስተኛው ቀን፣ ትራክተሩን እየነዳ
መጣ፣ በረዶውን እየሰነጠቀ፣ ሜዳ ለሜዳ።
የተቀደደውን ካርቶን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ፤
«ፈርም» አልሁት። ጓንቱን አውልቆ ፈረመልኝ።
ሟቿን ጠየቀ። ትንሽ ኤንቨሎፕ ውስጥ ነበር ያኖርኳት፤
ሳይከፍት፣ ሳያጥፍ፣ ደረት ኪሱ ከተታት።
«ምን ልታደርጋት?» «መሬቱ ሲላላ» አለ፤
ሌላ አልጨመረም። ሞተሩ እያጓራ ስለዋለ
ብጨምርም አይሰማኝም ብሎ ይሆናል።

ቅጹ ይጠይቃል፦ የጎደለ ዕቃ ብዛት?
«የለም» ብዬ ጻፍሁ። ማኅተም መታሁበት።

ጓዳው አሁን ጸጥ አለ። ላባ እንኳ አልቀረም፤
ለነገሩ ላባ ገና አላበቀሉም።
መብራቱን ቀና ላድርግ ብዬ እነሳና
ባዶው ወለል ላይ እንዳጎነበሰ
እተወዋለሁ እንደገና።